በጉንጭ የሚገኝ ብርሃን

“ከፍ አድርገው። አሁንም ከፍ። ጉልበቴን ነው እንዴ የምታነሳው?” አሉ ወይዘሮ ተናኘ።

እዝራ የመብራቱን ዘንግ ወደ ላይ ሳበ። ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ ባለች አንዲት ሱቅ የፓስፖርት ፎቶ ሲያነሳ ይውላል፤ እዚያ ሥራው ፊት ላይ ጥላ እንዳይቀር ማድረግ ነው። እኚህ የሰማንያ አንድ ዓመት ሴት ግን ጥላ አምጣ አሉት፤ ከአፍንጫቸው ሥር፣ ቢራቢሮ የምትመስል።

ሰኞ ከዚህ ከስካርቦሮው አፓርታማቸው ወደ አረጋውያን መኖሪያ ይገባሉ። እዚያ እያንዳንዱ በር ላይ የባለክፍሉ ፎቶ ይለጠፋል። አንዷ ሠራተኛ በስልኳ ያነሳቻቸውን ፎቶ የልጅ ልጃቸው መክሊት አይታ፣ የጠፋ ሰው ማስታወቂያ ይመስላል አለቻቸው። እሳቸው እንዳያዩት፣ ዓይናቸው ከጠፋ ሦስት ዓመት አልፏል። ደህና ፎቶ እንዲያነሳቸው እዝራን አስጠሩ።

ሶፋው ላይ በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ውስጥ አንድ አርመን ያነሳቸው ምስል ተቀምጧል። ያኔ የምሽት ክበብ ጨፋሪ ነበሩ። ራሳቸው ላይ ላባ፣ ትከሻቸው ገላጣ፣ ቀሚሳቸው ብልጭልጭ። እዝራ ከገባ ጀምሮ ዓይኑን መንቀል አቅቶታል።

“እማማ፣ ይቺን ለምን አይለጥፏትም?”

“እሷማ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። ነርሷ እሷን ብላ ገብታ እኔን ብታገኝ ትደነግጣለች።”

ሃያ ጊዜ አነሳቸው። ሃያውንም ጊዜ ፊታቸው ከብርሃኑ ሸሸ።

“ለመሆኑ አብርተኸዋል?”

“በርቷል እማማ። ኤልኢዲ ነው።”

“ታዲያ የት አለ? የኛ ጊዜ መብራት ፊት ይጠብስ ነበር። እንኳን እኔ፣ ዓይን ያላት ጨፋሪም አታየው፤ ጉንጯን ሲሞቃት ነው ቦታዋን የምታውቀው።”

አገጫቸውን ይዞ ማስተካከል ይችላል፤ ሱቅ ውስጥ እንዲያ ነው የሚያደርገው። እጁን ዘረጋና መለሰው። ኤልኢዲውን አጠፋ። ከመኝታ ቤታቸው አሮጌውን የራስጌ መብራት አመጣ፤ ክዳኑን አውልቆ ከፊታቸው በላይ ያዘው። አምፖሉ ጣቶቹን ይለበልበው ጀመር።

ፊታቸው በዝግታ ወደ ግራ ሄደ፤ ቆመ፤ ትንሽ ተመለሰ። ትከሻቸው ወረደ፣ አንገታቸው ረዘመ፣ አገጫቸው ተነሳ። ጥላው ከአፍንጫቸው ሥር በልኩ አረፈ። እዝራ በሕይወቱ ስንት ሺህ ፊት አንስቷል፤ ራሱን የሚያነሳ ፊት ግን አይቶ አያውቅም።

ካሜራው ባለሦስት እግሩ ማቆሚያ ላይ ቆሟል። በሌላ እጁ ከኪሱ ሪሞቱን አወጣ፤ አውራ ጣቱን ቁልፉ ላይ አሳረፈ። ከዚያ መጫኑን ተወና ሪሞቱን መዳፋቸው ውስጥ አስቀመጠላቸው።

“ምንድን ነው?”

“ማንሻው ነው። ሲመስልዎት ይጫኑት።”