የንጉሡ መልክ

ሰው ተገድሎ ሜዳ ላይ ሲጣል መልኩ የማን ነው? በ1970 ዓ.ም. የካቲት ላይ ዳኘው ባሕር ዳር ወደቡ ዳር ቆሞ ራሱን ጠየቀ። ምሕንድስና ተምሮ ከሶፊያ ከተመለሰ አራት ወሩ ነው።

ከፊቱ አንድ ወጣት ተዘርሯል፤ ደረቱ ላይ «ፀረ አብዮት» የሚል ካርቶን ተለጥፏል። ቀበሌው ሕዝቡን አሰልፎ በሬሳው አጠገብ ያሳልፋል። ማልቀስም መሸፈንም ክልክል ነው። አባ ኮዳ የሚባሉ ሁለት አሞሮች የዓሣ ርጋፊያቸውን ትተው ዙሪያውን ይንጎራደዳሉ።

ያሳደጉት አጎቱ መሪጌታ ገብረ ኪዳን ተራቸው ሲደርስ አላለፉም። ጥምጥማቸውን ፈትተው የሟቹን ፊት ሸፈኑት።

የቀበሌው ሊቀመንበር አንዳርጋቸው እየሳቀ ቀረበ። «ምነው መሪጌታ፣ ይበርደዋል ብለው ነው?»

«የንጉሡ መልክ አለበት ልጄ። አሞራ አይጫወትበት።»

ሳቁ ቆመ። «ንጉሡን ካወረድን ሦስት ዓመት አለፈን እኮ።»

«ይህኛውን አላወረዳችሁትም።»

አንዳርጋቸው ወደ ዳኘው ዞረ። «ጓድ ዳኘው፣ አነጋገራቸውን ታውቃለህ። ንጉሥ የሚሉት ማንን ነው? ሌላ ትርጉም ካለው ንገረንና ወደ ቤታቸው ይግቡ።»

ዳኘው ያውቃል። በሰባት ዓመቱ በቤተ ክርስቲያን ደጅ የተቀመጠ አንድ የሥጋ ደዌ በሽተኛ ፊት ላይ ተፍቶ ነበር። መሪጌታ አልገረፉትም። ከጣና ውኃ አስቀድተው የሰውየውን ፊት በገዛ እጁ አሳጠቡት። «እግዚአብሔር በአርአያው ነው የፈጠረው። የንጉሡን መልክ አቆሸሽህ፤ አንተም የለበስኸው ያንኑ ነው» አሉት።

እግዚአብሔርን ማለታቸው ነው። ሦስት ቃል ይበቃ ነበር። ነገር ግን ባለፈው ሳምንት በውይይት ክበብ «የደብተራው ልጅ» ብለው ስቀውበታል፤ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለውም። ደግሞስ በማያምንበት ስም መማለድ ውሸት አይደለም? ፈርቶ ሳለ ሐቀኛ የሆነ መሰለው።

«ንጉሥ ያው ንጉሥ ነው» አለ። «ሌላ ትርጉም አላውቅለትም።»

መሪጌታ ቀና ብለው አዩት። «ልጁ ልክ ነው» አሉ። «ንጉሥ ንጉሥ ነው።»

ወሰዷቸው። አንዳርጋቸው ጥምጥሙን በጫማው ጫፍ ከሟቹ ፊት ገፈፈው።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ወለተ ሩፋኤል በየቀኑ ምሳቸውን በአገልግል ወደ እስር ቤት ያደርሳሉ። አገልግሉ ባዶውን ሲመለስ በሕይወት አሉ ማለት ነው። በአራተኛው ቀን ዳኘው ከእንጀራው ሥር ብጣሽ ወረቀት ሸጎጠ።

«ምንድን ነው እሱ?» አሉ ማንበብ የማይችሉት አክስቱ።

«ሰላምታ ነው።»

«ደግ አደረግህ። እንዳንተ የሚሳሱለት የላቸውም።»

ወረቀቱ ላይ እንዲህ ብሎ ነበር፦ «ያን ዕለት አውቅ ነበር፤ አውቄ ደበቅሁ። አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ፤ መልኩ እኔ ላይ አሁንም አለ?»

አገልግሉ ባዶውን ተመለሰ። ወረቀቱም የለም፤ መልስም የለም።

በአምስተኛው ቀን እንደ ሞላ ተመለሰ። ዘበኛው «ከእንግዲህ አታምጡ» ብሏቸዋል። አክስቱ ደጃፉ ላይ ወድቀው ሲያለቅሱ ዳኘው አገልግሉን ከፍቶ እንጀራውን አንድ በአንድ ገለጠ፤ እስከ ሥሩ ድረስ። ምንም አልነበረበትም።