ምስማሩን ማን ይያዝ

መምህርት ተሾመች ሁለት ብሎኬቶችን ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጥ፣ ኮንትራክተር ጀምበሩ ከፊት ወንበር ላይ ተንሰራፍቶ ለስላሳ ይጠጣ ነበር። የወላጆች ቀን ነው። ለሰውየው የምስጋና ወረቀት ተዘጋጅቶለታል፤ አዲሱን የአራተኛ ክፍል ሕንፃም የሚሠራው እሱ ነው አሉ። ወይ ድፍረት! አምና የሠራው የትምህርት ቤቱ አጥር ገና በመጀመሪያው ዝናብ ተንዶ የተሾመችን ቀኝ እጅ ሰብሯል። ወጌሻ ቢያሸውም ተጣሞ ገጠመ፤ ዛሬም ሰሌዳ ላይ የምትጽፈው በግራዋ ነው። እሱ ግን ሽማግሌ ፊት ቀርቦ "ተደግፋው ነው የወደቀው" ብሎ ማለባት። ይሉኝታ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። ተሾመች ግን ከፍርስራሹ አንድ ብሎኬት በማዳበሪያ ጠቅልላ አልጋዋ ሥር አስቀምጣ ከረመች። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

የዕለቱ ትምህርት ምን ነገር ከምን እንደሚሠራና ለምን እንደሆነ ነው። ልጆቹ ድስት ለምን ብረት፣ እጀታው ለምን እንጨት እንደሆነ ተናገሩ። ጫት ለምን በሙዝ ቅጠል እንደሚጠቀለል ስትጠይቅማ ክፍሉ በሙሉ እጁን አወጣ፤ ለዚህስ የጫት አገር የጭሮ ልጅ አስተማሪ አያስፈልገውም። ወላጆች ሳቁ።

"ግድግዳስ?" አለች ተሾመች። "ለግድግዳ የሚሆን ብሎኬት በምን ይታወቃል?"

"በምስማር ሲጫር አይራገፍም" አለች ትዕምርት።

ትዕምርት የጀምበሩ ልጅ ናት። ተሾመች የመረጠቻት ሆን ብላ ነው፤ የአባቷን ጉድ በገዛ ልጁ እጅ ልታወጣው። ልጅቷ ወጥታ የመጀመሪያውን ብሎኬት በምስማር ጫረችው፤ ጭረቱ እምብዛም አልታየም። ወደ ሁለተኛው ዞረች።

"ይሄኛው ከየት ነው ቲቸር?"

ጀምበሩ ለስላሳውን አስቀመጠ። ብሎኬቱ ላይ የአጥሩ አረንጓዴ ቀለም አልለቀቀም ነበርና አውቆታል።

ተሾመች ልጅቷን አየቻት። ጉንጉኗ ላይ ለዚህ ቀን የተገዛ አዲስ ሪባን ታስሯል። አሳዘነቻት፤ ቂሟ ግን ንቅንቅ አላለም። ምስማሩን ተቀበለቻት።

"ጎበዝ፣ ያንቺ ተራ አልቋል። ሂጂና እናትሽ አጠገብ ተቀመጪ።"

ከዚያም በተጣመመው ቀኝ እጇ ምስማሩን ወደ ፊት ወንበር ዘረጋች።

"አቶ ጀምበሩ፣ አዲሱን ክፍል የሚሠሩልን እርስዎ አይደሉ? ይምጡና ይሄኛውን እርስዎ ይጫሩት። ልጆቹ እየጠበቁ ነው።"