ቀጭኔው

ሪሐና ረጅሙን የካሜራ ሌንስ ለሦስተኛ ጊዜ ከቦርሳው አውጥታ አልጋው ላይ አጋደመችው። ሀይሌ ጋርመንት ባለው ፎቶ ቤቷ "ቀጭኔው" ነው የሚሉት፤ አዳራሽ ጥግ ቆሞ የሙሽራ እንባ ይለቅማል። ዛሬ ጠዋት ግን መካኒሳ፣ ተከራይታ በምትኖርበት ቤት ውስጥ ስታየው ሌላ ነገር መሰላት። እውነት ለመናገር፣ ከሩቅ ላየው ሰው ጠመንጃ እንጂ ሌላ ምን ይመስላል?

የምታነሳው ሠርግ ነገ ነው፤ ቦታው የስድስት ሰዓት መንገድ። ሴቶቹ ዘንድ ወንድ ፎቶ አንሺ ስለማይገባ ሙሽራዋ ጫልቱ ከሪሐና ሌላ ሰው የላትም። መንገዱ ላይ ደግሞ ታጣቂዎች መኪና እያስቆሙ ሰው ያወርዳሉ ይባላል። ያ አልበቃ ብሎ፣ ጡት ያልጣለችው የስምንት ወር ልጇ ሂባም አብራት መሄዷ ነው።

"ቅሪ ብዬሻለሁ" አለ ባሏ ኑሪ፣ ሂባን እንዳቀፈ።

"ቃል ገብቻለሁ እኮ። ጫልቱ አያቴን አንሺልኝ ብላ ለምናኛለች። ሴትየዋ ዕድሜያቸውን ሙሉ ፎቶ ተነስተው አያውቁም። ካሜራ ሲያዩ ፊታቸውን በሻሽ ይሸፍናሉ አሉ። ያለ ቀጭኔው እንዴት አድርጌ?"

ኑሪ ትንሽ አሰበ። "በቃ፣ የሂባ ብርድ ልብስ ውስጥ ጠቅልይው። ሕፃን የያዘች ሴት ማን ይፈትሻል?"

ወይ ጉድ! እንዴት እስካሁን አልመጣላትም? ሌንሱን በቢጫዋ ብርድ ልብስ ጥቅልል አድርጋ ዳይፐሮቹ ሥር ወሸቀችው። ልቧም መለስ አለላት።

ዚፑን ስትዘጋ ስልኳ ጠራ። በንቲ ነበር፣ ፎቶ ቤቱ ውስጥ አብሯት የሚሠራው። ከሦስት ሳምንት በፊት በዚያው መንገድ ላይ ታጣቂዎቹ ይዘውት ሁለት ቀን አቆይተውታል። ከተመለሰ ወዲህ ካሜራ ነክቶ አያውቅም።

"በሰላም ግቢ ልልሽ ነው። ረጅሙን ያዝሽ እንዴ?"

"ይዣለሁ። የሂባ ብርድ ልብስ ውስጥ ደብቄዋለሁ።"

በንቲ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ሪሑ፣ ስሚኝ። ለማንም አልተናገርኩም። እኔም ሌንሴን በጋቢ ጠቅልዬ ወንበር ሥር ደብቄው ነበር። ካሜራውን አይተው፣ ስለ ሠርጉ ቀልደውብኝ፣ ሊለቁኝ ሲሉ ነው ጋቢው የተገኘው። 'ንጹሕ ሰው ምን ይደብቃል?' አሉኝ። ከዚያ በኋላ ስሜን እንኳ ብነግራቸው አላመኑኝም።"

ሪሐና ስልኩን ዘግታ አልጋው ጫፍ ላይ ዘፍ አለች። ሂባ ከአባቷ እቅፍ ሆና እጇን ወደ ቦርሳው ትዘረጋለች፤ ብርድ ልብሱ የራሷ አይደል!

"ያ ረቢ! ልጄን ነው እንዴ መሸሸጊያ ያደረግኋት?"

ኑሪ አቀርቅሮ የሂባን ካልሲ ደጋግሞ ያስተካክላል።

ውጭ የሹፌሩ የሳዳም ጥሩንባ ጮኸ። ሪሐና ቀጭኔውን ፈትታ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፈችበት፣ ብርድ ልብሱን ለሂባ መለሰች። ካሜራው ላይ ትንሿን ሌንስ ገጠመች፤ ይቺኛዋ ሰው አጠገብ ካልደረሱ ፊት በደንብ አታወጣም። ከዚያ ወደ ጫልቱ ደወለች።

"ጫልቱዬ፣ እየመጣሁ ነው። አያትሽን ግን ከሩቅ ሰርቄ አላነሳቸውም። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ እጠይቃቸዋለሁ።"

"እምቢ ቢሉስ?"

"እምቢ ካሉማ እምቢ ነው።"

ፍርሃቱ ሳይለቃት ግቢውን አቋረጠች። ሳዳም የኋላውን በር ከፈተላት። እሷ ግን ሂባን አቅፋ፣ ካሜራውን ማንም እንዲያየው አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ ከፊት ተቀመጠች።