የሱረት ቆርቆሮዬ

ደሴት ደሴት የሚሉ ሰዎች ያስቁኛል። እኔ ገብረአብ፣ የአራዳው በቅሎ ደላላ፣ ደሴት አይቻለሁ፤ ያውም ካሪቢያን የሚሉት ባሕር ላይ፣ አንድ ሙሉ ቀን። አንድ እንግሊዝ ነጋዴ በቅሎዎች በጅቡቲ በኩል ወደ አሜሪካ ሲያሻግር ለጠባቂነት ወስዶኝ ነው። ስንመለስ መርከቡ ውኃ ሊቀዳ እዚያ ቆመና እግሬን ላፍታታ ወረድኩ።

ወይ ጉድ! እንዲህ ያለ ሥራ ፈት ሕዝብ አይቼ አላውቅም። ፀሐይዋ አናት ላይ ወጥታ ወንዱ ዛፍ ሥር ተጋድሟል። ዓሣ ሻጯም ገዢ መጥቶ እስኪቀሰቅሳት ተኝታለች። ዋጋ ስትጠይቃቸው የፈለግኸውን ስጥ ይሉሃል። ለደላላ ከዚህ የባሰ ስድብ አለ? አራዳ ገበያ ግማሽ ቀን ቢውሉ ሱሪያቸውን ሳይቀር አስወልቀን እንሸጥባቸው ነበር።

ከኢትዮጵያ መምጣቴን የሰማ ኢዛያ የሚባል ሽማግሌ ግን ብድግ አለ። ባርኔጣውን አውልቆ እጄን ሳመ፣ ቤቱ ወስዶ ዓሣ አበላኝ። ከእንግሊዙ በለቃቀምኳት እንግሊዝኛ ተግባባን። ልሄድ ስል አንዲት ትንሽ የብስኩት ቆርቆሮ አመጣ። የሞተች እናቱ ጠጉር ነበረባት። እናትየው በቁሟ ሳለች በአባቶቼ አገር በኢትዮጵያ ቅበሩኝ ትል ኖሯል። እባክህ ጠጉሯን እንኳ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ቅበርልኝ ብሎ ለመነኝ።

በሁለት እጄ ተቀበልኩ። አራዳ ጊዮርጊስ እንደምቀብራት፣ ቢመጣ ደግሞ ገብረአብ ብሎ ቢጠይቅ የማያውቀኝ እንደሌለ አፌን ሞልቼ ነገርኩት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ከዛፍ ጥላ መውጣት የሚከብደው ሰው አራዳ ይመጣል ብዬ ምን ቆርጦኝ ልፍራ? መርከቡ ከወደቡ ብዙም ሳይርቅ ጠጉሩን ባሕር ላይ ደፋሁት። ቆርቆሮዋ ግን ክዳኗ ጥብቅ ያለ፣ ደህና ዕቃ ነበረች። ሱረቴን ጨመርኩባት።

ዘጠኝ ዓመት አለፈ። በ፲፱፻፳፬ ዓመተ ምሕረት ልብስ ሰፊው ሲራጅ ከሱቁ ደጅ ጠራኝና እንግዳ እንዳለኝ ነገረኝ። ኢዛያ ቆሟል፤ ጠጉሩ ነጥቷል፣ ጫማው አልቋል። ሰላምታ እንኳ ሳያስጨርሰኝ እናቴ የት ናት አለኝ።

የደነገጥኩ እንዳይመስላችሁ። ያን ቂል እየመራሁ ጊዮርጊስ ወሰድኩት፤ ሽማግሌ ነው ብዬ አንቱታ አላባከንኩበትም። የራሴ እናት የተቀበረችበት ጽድ ትዝ አለኝና እዚህ ናት አልኩት። ተንበርክኮ አፈሩን ሳመ። እኔ በሆዴ ሳቅሁ። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል የሚሉት እውነት ነው።

ከግቢው እንደወጣን እጄ በልማዱ ኪሴ ገባና ሱረቴን አወጣሁ። ሽማግሌው ቆርቆሮዋን ከእጄ ወሰደ። ክዳኗ ላይ በምስማር የተጫረውን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። እኔ እስከዚያ ቀን ተራ ጭረት ይመስለኝ ነበር፤ ለካ እሱ ራሱ የጻፈው የእናቱ ስም ነው።

አሁን ይጮሃል፣ ገበያው ይሰበሰባል፣ አደራ በላ የሚለው ስም ይለጠፍብኛል። ከአደራ በላ ደላላ በቅሎ የሚገዛ ማን ነው? ያ ስም ልጆቼንም አይምርም፣ አብሮን ይቀበራል።

«የት ደፋሃት?» አለኝ ቀስ ብሎ።

«ባሕር ላይ፣ ከናንተ ወደብ ትንሽ ራቅ ብሎ።» መዋሸት አቃተኝ።

ራሱን ነቀነቀ። «እንግዲያ መንገድ ጀምራለች» አለ።

እጄን ዘርግቶ ሱረቴን አንዲት ፍሬ ሳያፈስ መዳፌ ላይ ገለበጠልኝ፤ የሰው ንብረት አይደል! ከዚያ ተመልሶ ግቢው ገባ። ጽዱ ሥር ቆርቆሮዋን አፈር ሞላት፣ ክዳኗን አጥብቆ ገጠመ። አፈሩን እዚያው ባሕር ላይ ሊበትንላት ነው፤ እሷ መድረስ ካልቻለች አገሩ ይምጣላት አለ። ይህን ብሎ ቁልቁለቱን ወረደ።

ሥራ ፈት ያልኩት ሰው ለእናቱ ሲል ባሕር አቋርጦ መጥቷል፣ አሁንም ሊያቋርጥ ነው። እኔ ደግሞ ከበቅሎ ተራ ጊዮርጊስ ድረስ መራመድ ያቃተኝ ነኝ። መዳፌ ላይ ሱረቴን ይዤ እንደ ጅል ቆምኩ። እናቴ ከተቀበረች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ አፈሯን የሳሙት እሳቸው ብቻ ናቸው።