የላይኛው መንገድ

«አራት ቁጥር፣ ከሰልፉ ውጣና ወደ ላይኛው ኤክስካቫተር ሂድ!» አለች የስምሪት ሠራተኛዋ በሬዲዮ።

አራት ቁጥር ገልባጭ መኪናን የሚነዳው ታላቅ ወንድሟ ነው።

«ተራዬ ሊደርስ እኮ ነው» አለ ወንድሟ።

«ላይኛው ሥራ ፈትቶ ቆሟል። ሂድ ብያለሁ።»

ከማዕድን ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ካለችው የመስታወት ክፍል ሁሉም ወለል ብሎ ይታያታል። እስከ ትናንት እያንዳንዱ ገልባጭ መኪና የሚጭንለት ኤክስካቫተር የተወሰነ ነበር። ታች መኪኖቹ ተኮልኩለው በከንቱ ነዳጅ ሲያነዱ፣ ላይ ያለው ጫኚ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ባዶ መኪና ሁሉ ሥራ ወደፈታው ጫኚ ይሂድ ያለችው እሷ ናት። ሾፌሮቹ ግን «ሥራው ከፈጠነ ግማሾቻችን መባረራችን ነው» ብለው ጥርስ ነክሰውባታል። ወንድሟማ ጠዋት ከቤት አብረው ሲወጡ እንኳ አላናገራትም።

አራት ቁጥር አቧራውን እያቦነነ ዳገቱን ተያያዘው። ከመታጠፊያው ጀርባ ተሰወረ፤ በወዲያኛው በኩል ግን ብቅ አላለም።

«አራት ቁጥር፣ የት ደረስክ?»

ሬዲዮውን ወደ አፏ አስጠግታ ደግማ ጠራች።

«አራት ቁጥር!»

ከመታጠፊያው ሥር ገደል ነው። በሬዲዮ ሰውን ከቁጥሩ በቀር በሌላ መጥራት ክልክል መሆኑም ጠፋት።

«ጋሼ! ጋሼዬ፣ በናትህ መልስልኝ!»

«አለሁ፣ አለሁ» አለ ወንድሟ እያለከለከ። «መንገዱ ላይ ድንጋይ ተንዶ አገኘሁና ላንከባልል ወርጄ ነው። ንቅንቅ አልል አለኝ። ምነው፣ ምን ሆንሽ?»

ወንበሯ ላይ ዘፍ አለች። ሳቅና እንባ አንድ ላይ መጡባት።

«ጋሼ ስትይ እኛም አቤት ልንል ነበር!» አለ ከታች አንዱ ሾፌር። ከጠዋት ጀምሮ ያኮረፏት ሁሉ ሳቁ።

የፈረቃ አለቃው በሩን በርግዶ ገባ። «ተርፏል አይደል? ተመስገን! በይ፣ ድንጋዩን በጎን እያለፉ ይቀጥሉ። የማዕድን መፍጫው ዛሬ ገና ጠግቦ ዋለ። ጭራሽ ተጨማሪ ሾፌር ሳያስፈልገን አይቀርም፤ የሚባረር የለም በያቸው።»

ትከሻዋ ላይ የከረመ ሸክም የወረደላት መሰላት። ሬዲዮውን አንስታ መጀመሪያ ይህንኑ ነገረቻቸው፤ ፉጨትና ጩኸት ተቀበላት። ከዚያ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ሁላችሁም ስሙኝ። የላይኛው መንገድ ተዘግቷል። ግሬደሩ ድንጋዩን ጠርጎ እስኪጨርስ ታች ተሰለፉ።»

«ሰልፉ እኮ ተመልሶ ሊረዝም ነው!» አለ አለቃው።

«ይርዘም፤ ጎኑ ገደል ነው» አለች፤ የግሬደሩንም ሾፌር ጠራች።