ከማንጎው ሥር የተቀመጠው ሳጥን

ኑርሃን የጨረራ መለኪያውን ወደ ብረት ሳጥኑ ስታስጠጋው ጠቅ፣ ጠቅ ጠቅ ይል ጀመር። ማንጎ ዛፉ ሥር የቆሙት ጎረቤቶች ወደ ኋላ አፈገፈጉ። አንዲት ሴት በሻሿ ጫፍ አፍንጫዋን ሸፈነች።

"አላልኩም?" አለ አብዱልመሊክ፣ ለኑርሃን ሳይሆን ለሰዉ። ከቦዩ ማዶ የሚያርስ ጎረቤት ነው። "አላልኩም እንዴ? ይኸው የራሳቸው መለኪያ መሰከረ!"

"ቆይ፣ እሱ እኮ..." ብላ ጀመረች። ድምፅዋ ከመለኪያው ድምፅ ያንስ ነበር። አጠፋችው።

ስህተቷን ያወቀችው ያኔ ነው። መለኪያው የትም ቦታ ዝም አይልም፤ አፈሩም ድንጋዩም የሰው ገላም ጥቂት ጥቂት ጨረራ አለው። አስተማሪዋ ዶክተር ሰዲቅ ለዚህ ነበር ለአዲስ ተማሪ ሁሉ "መጀመሪያ ምንም የሌለበትን ቦታ ለኩ" የሚሉት። አዲስ አበባ በኒውክሌር ሕክምና ክፍል ስድስት ዓመት አብራቸው ስትሠራ አንድም ቀን ረስታው አታውቅም። ዛሬ በእህታቸው ግቢ፣ በእሳቸው ሳጥን ላይ ረሳችው።

ጨረራ ያለው መድኃኒት በበሽተኛው ገላ ውስጥ ምን ያህሉ እንደሚቀር፣ የሚሰጠው ሠራተኛ ጣት ላይም ምን ያህል እንደሚያርፍ በክፍሉ መለካት የጀመሩት እሳቸው ነበሩ። አምና በልብ ሕመም ሞተው እዚህ ቀወት፣ ከእህታቸው የማንጎ ማሳ ዳር ተቀበሩ። ልብሳቸውና መጻሕፍታቸው ያሉበት ይህ ትንሽ ሳጥን አብሮ መጣ። ሳጥኑም መቃብሩም ጨረራ አለበት የሚል ወሬም አብሮ መጣ። ዛሬ አራት ሰዓት ላይ ሸዋ ሮቢት አዳራሽ ውስጥ የመታሰቢያ ንግግር ይደረግላቸዋል፤ ተናጋሪዋ ኑርሃን ናት። እህትየው እትዬ ሩቂያ "ከንግግሩ በፊት ሰው ፊት ለኪልኝ" ብለው ነበር በጠዋት ያስመጧት።

ሰዉ ከተበተነ በኋላ እትዬ ሩቂያ ጠጋ አሉ። "ልጄ፣ እውነቱን ንገሪኝ። አለበት?"

"የለበትም እትዬ። ወላሂ የለበትም።"

"ታዲያ ለምን ጮኸ?"

"እኔም ጋ፣ እርስዎም ጋ እንደዚያው ይጮኻል።"

"እሱን ለእኔ ነገርሽኝ፤ ለእነሱስ ማን ይንገራቸው?" ወደ ማሳው አዩ። "ማንጎው የሚገዛው አጥቶ ዛፉ ላይ በሰበሰ። እሱስ ይሁን። ለዚያራ የመጣ ግን የለም። መቃብሩ ጋ ቆሞ ዱዓ የሚያደርግለት አጣ ወንድሜ።"

ኑርሃን ሰዓቷን አየች፤ ሦስት ተኩል ሆኗል።

"ሳጥኑን ይዘነው እንሂድ" አለች።

የጠሩት የባጃጅ ሾፌር ሳጥኑን ሲያይ ሞተሩን አላጠፋም። "እህቴ፣ እኔ ሦስት ልጆች አሉኝ።"

"እኔ ደግሞ ሰባት የልጅ ልጆች አሉኝ" አሉት እትዬ ሩቂያ። ገብተው ሳጥኑን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። "ንዳ!"

ሸዋ ሮቢት እስኪደርሱ ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ ወደ ውጭ እየተነፈሰ ነዳ።

አስተባባሪው አቶ ደሳለኝ አዳራሹ በር ላይ ላቡን እየጠረገ ጠበቃቸው። "ወይዘሪት ኑርሃን፣ ስልክ አያነሱም እንዴ? ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?"

"የዶክተር ሰዲቅ ሳጥን ነው። ሰው ፊት ልለካው ነው።"

"ኧረ በእናትዎ! የጠዋቱ ወሬ ከእርስዎ ቀድሞ ገብቷል። እንግዶቹ ፊት ወንበር ላይ ናቸው፤ አንዱ ተነስቶ ከሮጠ ሁሉም ነው የሚሮጠው።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ድምፁ ይጠፋል አይደል?"

"ይጠፋል።"

"በቃ! ያጥፉትና ቁጥሩን ብቻ ያንብቡልን። እኛ እናጨበጭባለን።"

መልካም ምክር መሰላት። ንግግሯ አሥራ ሁለት ገጽ ነው፤ ቀና ሳትል አንብባ ልትጨርሰው ትችላለች። ቁጥሩን መሃል ላይ ብታስገባው ማንም ቀና በይ አይላትም።

ሳጥኑ በመድረኩ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ከፊት መስመር ሁለት ሰዎች ወንበራቸውን ወደ ኋላ ሳቡ። የአዳራሹ ማራገቢያ ሙቀቱን ያዞረዋል እንጂ አያበርደውም። እትዬ ሩቂያ ዳር ላይ ብቻቸውን ተቀምጠዋል፤ ግራና ቀኛቸው ባዶ ነው። በሩ አጠገብ አብዱልመሊክ ጎረቤቶቹን ይዞ ቆሟል።

ኑርሃን ወረቀቷን ዘረጋች። መለኪያውን አንስታ አውራ ጣቷን ድምፅ ማጥፊያው ላይ አሳረፈች። ጎረቤቶቹ ጠዋት በጆሯቸው ሰምተዋል፤ አሁን ከአዲስ አበባ የመጣች ልጅ የምታነበውን ቁጥር ማን ያምናታል?

አውራ ጣቷን አነሳች። ወረቀቷን ጠረጴዛው ላይ ትታ ከመድረኩ ወረደች። በወንበሮቹ መሃል እስከ በሩ ያለው መንገድ ረጅም ሆነባት፤ ሁሉም እየዞረ ያያታል።

"ጋሼ አብዱልመሊክ" አለች። ድምፅዋ አሁን ተሰማ። "ጠዋት ተሳስቻለሁ። ከእርስዎ መጀመር ነበረብኝ።"

"ከእኔ? እኔን?"

"እርስዎን። ከዚያ ግድግዳውን። ከዚያ እኔን። ሳጥኑ መጨረሻ ነው።"

አብዱልመሊክ በሩን አየ፤ ሰዉን አየ። ቀስ ብሎ የጃኬቱን ቁልፍ ፈታ።

ኑርሃን መለኪያውን ወደ ደረቱ አስጠጋችና ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አደረገችው።