የፊርማን የዓርብ ትኬት

ማዳም ሶላንዥ በሕይወቷ የጠበቀችው ምስጢር አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም ባትጠብቀው ይሻል ነበር። የቀረውን ሁሉ፣ ማን ከማን ሚስት ጋር እንደታየ፣ የማን ኩላሊት እንደታመመ፣ ቄሱ ከቅዳሴ በኋላ ምን ያህል ወይን እንደሚገለብጡ፣ ከተማችን ካስተራክ የሚሰማው ከእሷ ባር ነው። ሲጋራ ትሸጣለች፣ ቡና ትቀዳለች፣ የራግቢ ውርርድ ትቆርጣለች፤ ወሬውን ደግሞ በነጻ ትመርቃለች። እኔ ኤሎዋ ከመስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛ ስለማልጠፋ ምርቃቱ ቀድሞ የሚደርሰው ለእኔ ነው። ዊልቸር ላይ የተቀመጠ ሰው ደግሞ የት ይሄዳል?

እግሬን የወሰደው ራግቢ ነው። በጉርምስናዬ የካስተራክ የፊት መስመር ገፊ ነበርኩ። ስክረም ስንገባ፣ ስምንት ለስምንት ሆነን ጭንቅላት ለጭንቅላት ተቆላልፈን ስንገፋፋ፣ ከጎኔ ማሊያዬን ጨብጦ የሚገፋው ፊርማን ነበር። በዚያ ሰሞን ቀኝ እጄ ይደነዝዘኝ ጀመረ። ለፊርማን ብቻ ነገርኩትና፣ ለማንም እንዳይተነፍስ አስማልኩት። ማለ፤ ቃሉንም ጠበቀ። ስክረሙ ተደርምሶ ሁሉም አንገቴ ላይ ሲወድቁ የሰማሁትን ድምፅ እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። ፊርማንን አልወቀስኩትም፤ ያስማልኩት እኔው ነኝ። እሱ ግን ራሱን ይቅር ብሎ አያውቅም። ሁልጊዜ የምወቅሰው ይመስል፣ በየቅዳሜው ዊልቸሬን እየገፋ ስታዲየም የሚወስደኝ እሱ ነው።

ፊርማን ዛሬ የከተማችን ሬዲዮ የራግቢ ሰው ነው። ዓርብ አመሻሽ የነገውን ጨዋታ ይተነትናል፤ ቅዳሜ ከሜዳው ዳር ሆኖ ጨዋታውን በቀጥታ ያስተላልፋል። ከዓርብ ትንታኔው በኋላ በቀጥታ ወደ ሶላንዥ ባር ይመጣና፣ በሬዲዮ በተናገረው ግምት ላይ ሰው ሁሉ እያየው ትኬት ይቆርጣል። «በአፌ የተናገርኩትን በኪሴ ካላጸናሁት ምን ተንታኝ ነኝ?» ይላል። ካስተራክ ይሸነፋል ብሎ የቆረጠበት ቀን የለም። ከምድቡ ግርጌ ተጣብቀን፣ ሊጉን ልንሰናበት ደርሰን እንኳ ቆርጦልናል። ብዙ ጊዜ ገንዘቡ ይበላል፤ ግን ቆራጩ እሱ ስለሆነ የእኛም ተከትሎ ይበላል።

ልጁ ባስቲያን አሁን የሚገፋው እኔ በገፋሁበት ቦታ ነው። ከዚህ በታች የምነግራችሁን ያኔ አላውቅም ነበር፤ ፊርማን በኋላ ነው የነገረኝ።

ተጋጣሚዎቻችን ቪልብሩኖች ሊመጡብን ሳምንት ሲቀራቸው፣ እሑድ፣ ባስቲያን አባቱ ቤት ምሳ ሊበላ ሄደ። ዳክዬው ቀርቦ ገና ሲጀምሩ ሹካው ከእጁ ወደቀ። አነሳው። ደግሞ ወደቀ።

«እጅህ ምን ሆነ?» አለ ፊርማን።

«ምንም።»

«ባስቲያን፣ እጅህ ምን ሆነ ነው የምልህ!»

«አልፎ አልፎ ይደነዝዘኛል። ከአንገቴ ይጀምርና እስከ ጣቴ ይወርዳል። ይተወኛል አባዬ፣ አታካብደው።»

ፊርማን ሳህኑን ገፋ። «ለሐኪሙ ነግረሃል?»

«አብደሃል እንዴ? ኮንትራቴ በበጋ ያልቃል። ቅዳሜ እኔን ብሎ ከፓሪስ ክለብ የሚመጣ ሰው አለ። ኖኤሚ ልጃችንን ልትወልድ ነው። ይቺን አንድ ጨዋታ ብቻ ልጫወት፣ ከዚያ የፈለግከው ሐኪም ጋ ውሰደኝ።»

«የኤሎዋን ነገር እያወቅክ?»

«እኔ ኤሎዋ አይደለሁም። አባዬ፣ በእናቴ መቃብር ማልልኝ። ለማንም አትናገርም።»

እናትየዋ ከሞተች ቆይታለች፤ ዓይኗ ግን ልጁ ፊት ላይ ቀርቷል። ፊርማን በዚያ ዓይን ፊት እምቢ ማለት አልሆነለትም። ማለ። በሳምንቱ ውስጥ አግባባዋለሁ ብሎ ነበር፤ ሲደውልለት ግን ልጁ ስልኩን ይዘጋበታል። ሰውዬው እንቅልፍ አጣ። ቢናገር ልጁ እስከ ወዲያኛው ዓይንህን አላይም ይለዋል፤ ዝም ቢል ሁለተኛ ኤሎዋ ሊሠራ ነው። 

ዓርብ አመሻሽ ባሩ ውስጥ ሆነን ትንታኔውን ሰማን። «ነገ ዝናብ ይጥላል፤» አለ። «የቪልብሩን ኳስ መቺ በእርጥብ ኳስ አይሆንለትም። የእኛዎቹ ጥድፊያውን ትተው ኳሷን በጉያቸው ይያዙ። ካስተራክ በሰባት ነጥብ ያሸንፋል።» ስለ ስክረሙ ግን አንዲት ቃል አልወጣውም። ገፊ የነበረ ሰው ስለ ስክረም ሳይናገር ሲቀር ነገር እንዳለ ማወቅ ነበረብኝ። እኔ ግን ፓስቲስ አረቄዬን እጠጣ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ፊርማን ዝናብ እንደመታው መጣ። ሰው ሁሉ ካርታ ላይ ተጠምዶ ነበር። ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ለሶላንዥ ዝቅ ባለ ድምፅ ነገራት፤ እሷም ማሽኑን ነካክታ ቀና አለች።

«ተሳስተሃል እኮ። ቪልብሩን ነው ያልከኝ።»

«አልተሳሳትኩም። ቪልብሩን።»

«ፊርማን! ልጅህ እየተጫወተ?»

«ቁረጪልኝ አልኩሽ።» ከዚያ ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አለ። «አደራሽን ሶላንዥ፣ ለማንም እንዳትናገሪ።»

ይህቺ አነጋገር ናት ጥበቡ። መሐላውን ሳያፈርስ የሚጮህበት መንገድ ሲፈልግ የቆየ ሰው፣ አገኘሁ ብሏል። ሶላንዥን እንዳትናገሪ ማለት በከተማው ደወል መደወል ማለት ነው። ፊርማን በገዛ ልጁ ላይ ቆረጠ የሚለው ወሬ ሌሊቱን በየቤቱ ይዞራል፤ አሠልጣኙ ጆሮ ይደርሳል፤ አሠልጣኙም አባትየው ምን ቢያውቅ ነው ብሎ ልጁን ለሐኪም ያሳያል። እሱ ምንም አልተናገረም፤ ውርርድ ነው የቆረጠው። ያበደ ሰው ሐሳብ ነው ትሉ ይሆናል። በካስተራክ ግን የሶላንዥን አፍ ያህል የሚታመን ነገር አልነበረም።

ቅዳሜ ጠዋት ገበያ ወጣ፤ ሰው እስኪያፈጥበት ጠበቀ። አይብ ሻጩ ትከሻውን መታ አደረገው፦ «ዛሬ እንበላቸዋለን አይደል? ባስቲያን ያንን የቪልብሩን ጎሽ መሬት ይቅበርልን!» ሥጋ ሻጩ ሳቀለት። አንዲት አሮጊት ለልጁ ሻማ አብርቼለታለሁ አለችው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ብሎ ራሱን አጽናና፤ ወሬው ከኋላዬ ይሄድ ይሆናል አለ። ስልኩን በየደቂቃው ያወጣል። የሚደውል የለም።

እኩለ ቀን ላይ እኔን ሊወስድ ወደ ባሩ ሲመጣ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። ከእኔና ከሶላንዥ በቀር ሰው የለም።

«ሶላንዥ፣ ለማን ተናገርሽ?»

«እንዴ! ለማንም!»

«እውነቱን ንገሪኝ፣ አልቆጣም።»

«በልጆቼ ሞት! ለባሌ እንኳ አልነገርኩም። ትናንት ዓይንህ እንባ አቅርሮ ሳየው አንጀቴን በላኸኝ። ይሄ ሰው ተቸግሮ ነው፣ ስሙ በእኔ አፍ አይጠፋም ብዬ ምላሴን ነክሼ አደርኩ። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም እኮ! ወሬ ሆድ ውስጥ ሲቀር እንዲህ እንደሚያም አላውቅም ነበር።» ከእሱ ምስጋና ጠበቀች።

ፊርማን ሁለት እጁን ባንኮኒው ላይ አድርጎ ግንባሩን በእጁ ላይ ደፋ። ከዚያ የዊልቸሬን እጀታ ያዘና ወደ ስታዲየሙ መሮጥ ጀመረ። ድንጋይ ንጣፉ ላይ እያንገጫገጨኝ፣ እያለከለከ፣ ሁሉንም የነገረኝ ያኔ ነው።

«አንተ ደነዝ!» አልኩት። «ትኬት ትቆርጣለህ? ትኬት? ሄደህ ንገራቸው!»

«ምያለሁ ኤሎዋ።»

«ለእኔም ምለህ ነበር!»

ቃሉ ከአፌ ወጥቶ ሳያልቅ ተጸጸትኩ፤ ግን ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እሱም ሩጫውን ጨመረ።

መልበሻ ክፍሉ በር ላይ የቆመው ዘበኛ እጁን ዘረጋ። «ከዚህ ማለፍ የለም።»

«ሐኪሙን ጥራልኝ። አሁኑኑ!»

«ከጨዋታ በፊት የሚገባም የሚወጣም የለም ካፒቴን። ደንቡን ያወጡት ራስዎ ነዎት። የክለቡን ፕሬዚዳንት ራሱን የመለስኩት አሁን ነው።» እውነቱን ነው። ካፒቴን ሳለ፣ ተጫዋች በመጨረሻው ሰዓት የሚስቱን ድምፅ እንኳ መስማት የለበትም ብሎ ያወጣው ደንብ ነበር። ሐኪሙ ጋ ደወለ፤ ስልኩ ዝግ ነው። በሩን በቡጢ ደበደበ። ውስጥ ተጫዋቾቹ እየጮኹ ይዘፍኑ ስለነበር የሰማው የለም።

ፊርማን ወደ ማስተላለፊያው ጠረጴዛ ሄደ፤ እኔን ከጎኑ አቆመኝ። አጋሩ ቲቦ ስለ ዝናቡ ሲቀልድ እሱ ዓይኑን ከማይኩ አልነቀለም። ቡድኖቹ ገቡ። ባስቲያን አባቱን አይቶ በግራ እጁ ሰላም አለው። በግራው።

ኳስ ከተጀመረ ብዙም ሳይቆይ አንዱ ኳሷን ወደ ፊት ጣላት፤ ዳኛው ስክረም አለ። ሁለቱ የፊት መስመሮች ተፋጠጡ። ባስቲያን ቀኝ እጁን አንስቶ የባላጋራውን ማሊያ ለመያዝ ሞከረ፤ ጣቶቹ ተንሸራተቱ። ደግሞ ሞከረ። እኔ ያችን እጅ አውቃታለሁ። የደጋፊው ባንድ ጥሩምባ ስታዲየሙን ሲያናውጠው፣ አቁሙ ብዬ ብጮህ ማን ይስማኝ!

ፊርማን ማይኩን ከቲቦ እጅ ነጠቀ።

«አቁሙ! የባስቲያን ቀኝ እጅ በድን ነው! አንገቱ ተጎድቷል፣ ደብቆ ነው! የምትሰሙኝ ሁሉ ዳኛውን አስቁሙ! ልጄ ነው! ስለ እግዜር አቁሙት!»

ስታዲየማችን ውስጥ ግማሹ ሰው ጨዋታ የሚያየው ሬዲዮ ጆሮው ላይ ሰክቶ ነው። ከእኛ በኩል ያለው ሁሉ በአንዴ ተነሳ። ሐኪሙ ሮጦ ሲገባ ዳኛው ፊሽካውን ነፋ። ሐኪሙ ሁለት ጣቱን ሰጥቶ «ጨምቅ» አለው። ባስቲያን ጨመቀ፤ ማለቴ ጥርሱን ነከሰ እንጂ ጣቶቹ አልተጨበጡም። አንገቱን አስረው ሲያወጡት ወደ እኛ አላየም። በእሱ ቦታ የገባው ጀማሪ ልጅ ከሰዓቱን ሙሉ ወደ ኋላ ተገፍቶ ዋለ። ካስተራክ ክፉኛ ተሸነፈ። ከፓሪስ የመጣው ሰውዬ እረፍት ሰዓት ላይ ኮቱን አንስቶ ሄደ።

ፊርማን ግን ይስቅ ነበር፤ እያለቀሰም። «ወጣ ኤሎዋ፤ ወጣልኝ!» እያለ ጉልበቴን ይመታል። እውነት ለመናገር እኔም አለቀስኩ።

በዚያው ሰዓት ባሩ ጢም ብሎ ሬዲዮ ሲያዳምጥ ነበር። ሶላንዥ የፊርማንን ጩኸት ስትሰማ ነገሩ ገባት፤ ያመቀችው ወሬም ገነፈለባት። «ወይኔ፣ ያውቅ ነበር! ለካ ትናንት ቪልብሩን ያሸንፋል ብሎ የቆረጠው ለዚህ ነው!» ብላ ጮኸች። ለአባትየው አዝና ነው እንዲህ ያለችው። ባሩ ውስጥ ያለው ሁሉ ግን ከሙሉ ዓረፍተ ነገሯ የያዘው «ቪልብሩን ያሸንፋል ብሎ የቆረጠው» የሚለውን ነው። ምላስ አጥንት የለውም፣ አጥንት ይሰብራል። ጨዋታው ሳያልቅ ወሬው በስልክ ስታዲየም ደርሷል፤ ቲቦ ስልኩን አይቶ ወንበሩን ከፊርማን አራቀ።

ጨዋታው ሲያበቃ ፊርማን ወደ ሕክምና ክፍሉ ገፋኝ። በመንገዳችን ላይ ያለው ሰው ገለል ይልልናል፤ ሰላም የሚል የለም። አይብ ሻጩ መሬት ላይ ተፋ። «ስንት ከፈሉህ?» አለ አንዱ ከኋላ።

በሩ ተከፈተና ሐኪሙ ወጣ። «ያ ስክረም ውስጥ ቢገባ ኖሮ...» ብሎ እኔን አየና ቃሉን ዋጠ።

ቀጥሎ ባስቲያን ወጣ። አንገቱ ከአገጩ እስከ ትከሻው በጠንካራ ማሰሪያ ተይዟል። በግራ እጁ ስልኩን ይዟል።

«ውሸት ነው በለኝ፤» አለ። «ትኬት አልቆረጥኩም በለኝ።»

ፊርማን ወደ ልጁ ተጠጋ። 

«ልጄ፣ እንዲያወሩ ብዬ ነው። ሶላንዥ ለሰው እንድትነግር...»

«ስንት ደረሰህ?»

«ባስቲያን!» አልኩ እኔ። «ስማኝ፣ አባትህ...»

«አንተ ዝም በል ኤሎዋ። እሱን ነው የምጠይቀው። በእናቴ መቃብር ምሎ፣ ገንዘቡን አስይዞ፣ ከዚያ እኔን አስወጣኝ። ስንት ደረሰህ፣ አባዬ?»

ፊርማን እጁን ወደ ልጁ ዘረጋ። ባስቲያን ፊቱን ሊያዞርበት ፈለገ፤ ማሰሪያው ግን አንገቱን አላንቀሳቅስ አለው። ስለዚህ ሙሉ ገላውን አዞረ፤ ጀርባውን ሰጠን። ከዚያ በረጅሙ ኮሪደር ወደ መውጫው ሄደ።

ተከተለው ልለው ቀና ስል ፊርማን እያለቀሰ ነበር። ዓይኑ የልጁ ጀርባ ላይ አልነበረም። ዝቅ ብሎ የሚራመዱትን የልጁን እግሮች ያይ ነበር፣ ቀኙን፣ ግራውን፣ ደግሞ ቀኙን፤ በሩ እስኪዘጋ ድረስ።